የአዲሱ ባንክ ጃንጥላ

ከደሴ የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። አሳጥረን እናቅርበው፦

«ሙጋድ አካባቢ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ሱቁን ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆነኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምሠራው ከአንድ ባንክ ጋር ነው። የቤቴ ካርታም እነሱ ጋ ነው፤ ከድሮ ብድር 400,000 ብር ገደማ ይቀረኛል። ተንቀሳቃሽ ሂሳቤ ላይ ብዙ ጊዜ 900,000 ብር አይጠፋም። የ1 ሚሊዮን ብር ኦቨርድራፍት (ሂሳቤ ላይ ካለው በላይ የማውጣት ፈቃድ) ይፈቀድልኝ ብዬ ካመለከትኩ 5 ወር አለፈ። በሄድኩ ቁጥር ‹ዲስትሪክት ነው ያለው› ይሉኛል፤ ከቅርንጫፉ በላይ ያለው የባንኩ ቢሮ ማለታቸው ነው።

ባለፈው ወር ከሱቄ ፊት ለፊት አዲስ ባንክ ተከፈተ። ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቡና አፍልተው፣ ጃንጥላ እያደሉ። ማናጀሩ ሱቄ ድረስ መጥቶ ‹ሂሳብሽን በሙሉ ወደ እኛ አዙሪ፤ በ15 ቀን 3 ሚሊዮን እናስፈቅድልሻለን፤ የድሮውንም ብድር እኛ እንዘጋልሻለን› አለኝ። የባሰው ነገር ደግሞ የእህቴ ልጅ እዚያው ተቀጥሯል። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ዲፖዚት (ተቀማጭ ገንዘብ) ማምጣት አለብኝ እያለ ማታ ማታ ቤቴ ይመጣል፤ እናቱም ትደውላለች። ከድሮው ባንክ ልጆች ጋር ደግሞ ሠርግና ለቅሶ የምንጠራራ ሰዎች ነን። የተሰጠኝን ጃንጥላ እንኳ ያዩኛል ብዬ ዝናብ እየመታኝ አልዘረጋሁትም። ምን ትመክሪኛለሽ?»

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። መጀመሪያ ጃንጥላውን ዘርጊው። እንዲያውም ወደ ድሮው ባንክሽ ስትሄጂ ይዘሽው ግቢና የማናጀሩ ጠረጴዛ ላይ አስደግፊው። ለምን እንደሆነ እየነገርኩሽ እሄዳለሁ።

ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት 19 ዓመት ባንክ ቤት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ገንዘብ ቆጣሪ፣ በኋላ ደሴ ብድር ክፍል። አንቺ ከመስኮቱ ወዲያ ቆመሽ የምታዪውን እኔ ከወዲህ ሆኜ አይቼዋለሁ። 14 ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ገንዘቡን የሚያስገባ ደንበኛ ከወዲህ ሲታይ ምን ይመስላል መሰለሽ? ግድግዳ። ሁሌም አለ፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። «ሂሳቤን ልዘጋ ነው» የሚለው ሲመጣ ግን ወንበር ይቀርብለታል፣ ማኪያቶ ይታዘዝለታል፣ ፋይሉም ከተቀበረበት ይወጣል። ለአንቺ የሠርግ ካርድ ይደርስሻል፣ ኦቨርድራፍቱ ግን ዲስትሪክት እያደረ ነው። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የማይሄድን ሰው ለማቆየት ማን ይደክማል?

ደሴ ላይ ባንክ ሞልቶ የለም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ሞልቷል፤ ግን ከሱቅሽ ፊት ለፊት ቆሞ በስምሽ የሚጠራሽ አልነበረም። በወላጆቻችን ጊዜ ይሄም አልነበረም። ደርግ በ1967 ባንኮቹን ከወረሰ ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 84/1986 ለአገር ውስጥ ባለሀብት እስኪፈቅድ ድረስ የግል ባንክ የሚባል ነገር አይታወቅም። እናቴ ቁጥር የተጻፈባትን ብረት ይዛ ግማሽ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ደግሞ «አቤት!» ብላ የምትነሳው ዳኛ እንደጠራት ሰው ነው። ዛሬ ከ30 በላይ ባንክ አለ። ብዙዎቹ አዲሶች በ2013 እና 2014 ሰሞን የመጡ ናቸው፤ ዘምዘም በ2013 ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፣ አማራ ባንክ በሰኔ 2014 ተከተለ፣ እኛ አብቁተ የምንለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ጸደይ ባንክ ሆነ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንክ እንዲገባ ፈቅዷል። እሱ ሙጋድ ድረስ መጥቶ ጃንጥላ እስኪያድል ግን አትጠብቂ።

አሁን ወደ ገንዘብሽ እንምጣ። ባንክ እንደ አንቺው ሱቅ ነው። አንቺ ቆርቆሮ ከኮምቦልቻ ሳታስጭኚ እንደማትሸጪው ሁሉ ባንክም ዲፖዚት ሳይሰበስብ አያበድርም። የሚገዛበት ዋጋ ግን ይለያያል። በቁጠባ ላስቀመጠ ሰው፣ ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ በደነገገው መሠረት፣ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል። በጊዜ ገደብ ላስቀመጠ ትልቅ ደንበኛ ከዚያ በላይ ተደራድሮ ይሰጣል። ለተንቀሳቃሽ ሂሳብ ግን የሚከፍለው ወለድ የለም። እንግዲህ በከተማው ውስጥ ርካሹ ዕቃ የማን ነው? የአንቺ 900,000። የድሮው ባንክሽ 14 ዓመት በነፃ ሲሠራበት ኖሯል፤ አዲሱም ማናጀር አስፋልቱን ተሻግሮ የመጣው ዓይንሽ አምሮት አይደለም።

ስለዚህ ባንክ ከመቀየርሽ በፊት አንድ ምሽት ሱቁን ዘግተሽ ደብተርሽን ግለጪ። ዕቃ ለማስጫን፣ ለኪራይና ለደመወዝ በወር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ስንት ነው? 500,000 ነው እንበል። የቀረው 400,000 ተጋድሞ የተኛ ገንዘብ ነው። በቁጠባ ቢቀመጥ በ7 በመቶ፣ ግብሩ ሳይነሳ፣ በዓመት 28,000 ብር ያመጣልሻል። ኑሮ ውድነቱን አይችለውም፣ አውቃለሁ፤ ግን የሱቅሽን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በከፊል ይሸፍናል፣ እሱን ለማግኘት ደግሞ ማንንም ማስቀየም አያስፈልግሽም። (ወለድ የማትነኪ ከሆነ ይህ ስሌት አይመለከትሽም። ያኔ የምትጠይቂው ሌላ ነው፦ በሙራባሃ ቆርቆሮ ገዝተው ሲያቀርቡልሽ ስንት ትርፍ ይጨምራሉ? በስንት ቀን ያቀርባሉ? የድሮው ባንክሽም ከወለድ ነፃ መስኮት ካለው ሁለቱንም ጠይቂና አወዳድሪ።)

የ3 ሚሊዮኑ ነገር ነው እኔን ያሳሰበኝ። እዚህ ላይ ታገሺኝ፣ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛ ነገር ያን ቃል የሰጠሽ ሰው ብድር አይፈቅድም። የቅርንጫፍ ማናጀር ማመልከቻ ይቀበላል፣ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ወደ ላይ ይልካል። የሚወስነው የብድር ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ሙጋድ አይቀመጥም። ላይ ያሉትም ቢሆኑ እጃቸው ሁልጊዜ ነፃ አይደለም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀመጠ፤ በኋላ ጣሪያው ከፍ ቢልም ያኔ የተፈቀደ ብድር ሳይለቀቅላቸው ወር ከወር የቆጠሩ ነጋዴዎች አውቃለሁ። «በ15 ቀን» ያለሽን ማናጀር በጽሑፍ ይስጠኝ በዪው። ፈገግ ብሎ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ካለሽ መልሱን አግኝተሻል።

ሁለተኛ፣ አበዳሪ የሚያምነው የሂሳብ እንቅስቃሴን ነው። ብድር ክፍል ሳለሁ ፋይል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ካርታውን አልነበረም፤ የአንድ ዓመት ስቴትመንት ነበር። ሰኞ ገበያ ውሎ ማክሰኞ ጠዋት ገንዘብ ይገባል ወይ? ክረምት ላይ ግንባታ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል ይወርዳል? ቼክ ተመልሶ ያውቃል? የአንቺ የ14 ዓመት ታሪክ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተጽፏል፤ ጥለሽው ስትወጪ ለአዲሱ ባንክ የትናንት ልጅ ትሆኛለሽ። ስቴትመንትሽን አሳትመሽ ብታቀርቢ ያዩታል፤ የሚያምኑት ግን በራሳቸው ዓይን ያዩትን ነው።

ሦስተኛ፣ «የድሮውን ብድር እንዘጋልሻለን» ሲባል ቀላል ይመስላል። ካርታሽ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚሄድበትን መንገድ ግን አስቢው። አዲሱ ባንክ የራሱን ኢንጂነር ልኮ ቤቱን ያስገምታል፤ የግምቱን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። የድሮው ባንክ ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት በውሉ ላይ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ እገዳ ታስነሺያለሽ፣ እንደገና በአዲሱ ስም ታሳግጃለሽ፣ መድን ታስገቢያለሽ። ይህን ሁሉ የምታደርጊው 400,000 ብር ለቀረው ብድር ነው።

ሦስት ሚሊዮኑንስ ምን ልታደርጊበት ነው? የጠየቅሽው የ1 ሚሊዮን ኦቨርድራፍት ነበር። ኦቨርድራፍት የተጠቀምሽበትን ያህል ብቻ፣ ለተጠቀምሽበት ቀን ብቻ ወለድ የሚታሰብበት ነው። እነሱ የሚያወሩሽ የጊዜ ብድር ከሆነ ግን ሥራ ላይ ብታውዪውም ባታውዪውም ወለዱ ይቆጠራል። ለምሳሌ በ18 በመቶ ብንይዘው የ3 ሚሊዮን የመጀመሪያ ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 540,000፣ በወር ወደ 45,000 ብር ይጠጋል። ይህን ለማውጣት በወር ስንት ቆርቆሮ መሸጥ አለብሽ? ቁጥሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ እንዲሸጥ እንደሚፈቅድለት አትርሺ። ለሠርግ የሚጠራሽም ባንክ ሆነ ጃንጥላ የሚሰጥሽ፣ ሥልጣኑ አንድ ነው።

እና ምን ላድርግ? አትነቃነቂ እያልኩሽ አይደለም። ጃንጥላውን ይዘሽ ግቢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አትቆጪ፣ አታስፈራሪ። «ፊት ለፊቴ የተከፈተው ባንክ እንዲህ እንዲህ ብሎኛል። እኔ ከእናንተ መለየት አልፈልግም። ግን የኦቨርድራፍቴን መልስ እስከ ፊታችን ዓርብ ንገሩኝ፤ አይሆንም ከሆነም አይሆንም በሉኝ» በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ጨዋታ መጨመር ያምርሻል፣ ስለ ልጆቹ መጠየቅ ያምርሻል፤ ቻዪው። ማናጀሩ ምን እንደሚያስብ ልንገርሽ። የቅርንጫፉ ዲፖዚት በየማታው ዲስትሪክት ይታያል። በአንድ ቀን 900,000 ጎድሎ ካደረ በማግሥቱ ጠዋት ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው። እሱም እንደ እህትሽ ልጅ ታርጌት፣ ማለትም ሊሞላው የሚገባ የዲፖዚት መጠን፣ አለበት፤ ያውም የሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም አዲሱ ባንክ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወስደው ደንበኛ አይደለም፣ ጎበዝ ሠራተኞቹን ነው። ዙሪያሽን ብታዪ ከድሮው ባንክ መስኮት ላይ የምታውቂው አንድ ፊት አሁን ከአስፋልቱ ማዶ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ ብዬ እወራረዳለሁ።

የብድር ወለድ በድርድር የሚወሰን ነገር ስለሆነ እግረ መንገድሽን ከድሮው ብድር በቀረብሽ 400,000 ላይ ወለዱን ትንሽ ቀንሱልኝ ብትዪም ነውር የለውም። የሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) እና የስቴትመንት ክፍያም ላይ እንዲያው ጥቂት ይተዉልሻል፤ ይሄ ሳንቲም ነው፣ ጊዜሽን አትፍጂበት።

ዓርብ ደርሶ መልስ ከጠፋስ? ያኔ ሥራሽን ቀስ በቀስ ማዶ ማሻገር ትጀምሪያለሽ፤ ግን ለአንድ ዓመት ያህል ሁለቱንም ይዘሽ። እስከዚያው የአዲሱም ባንክ ማንነት ይለያል። አሁን ሄደሽ ብታዪው ወንበሩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ገና አልተነሳም፣ ወረፋ የለም፣ ዘበኛው ሳይቀር ከተቀመጠበት ተነስቶ በር ይከፍትልሻል። በሁለት ዓመቱ ስድስት መስኮት ኖሮት ሁለቱ ብቻ የሚሠሩ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት «ሲስተም የለም» የሚል ይሆን አይሆን የሚታወቀው በኋላ ነው።

ከመክፈትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፤ ከደሴ ውጭ የት የት ቅርንጫፍ አለው? ይህን የምለው በ2014 ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሆነውን አብረን ስላየነው ነው። የተዘረፈም የተሰባበረም ቅርንጫፍ ነበር። እኔ በእጅ ቦርሳ ብቻ አዲስ አበባ ስደርስ ከዘመድ ሳልበደር የቆየሁት ባንኬ እዚያም ቅርንጫፍ ስለነበረው ነው። ባንክ ቢወድቅስ ብለሽ ከሰጋሽ ደግሞ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ፤ የሚሸፍነው ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው። በሁለት ባንክ ያስቀመጠ ሰው በሁለቱም ይሸፈናል ማለት ነው፤ ሁለት ሂሳብ መያዝ ይህችም ጥቅም አላት።

የልጁን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ኮምቦልቻ በነበርኩ ጊዜ አንድ ሰኔ 30 አይረሳኝም። ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ማናጀራችን ክራቫቱን ፈትቶ ስልክ ላይ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ በጓሮ በር ገብቶ ሁለት ማዳበሪያ ብር ጠረጴዛዬ ላይ አራገፈ። አፈሩ ሳይቀር እጄ ላይ ቀረ፤ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቆጠርን። ዓመቱ በታርጌት ተዘጋ፣ አጨበጨብን። ሐምሌ 2 ጠዋት ያው ሰውዬ ያንኑ ማዳበሪያ ይዞ መጣ፣ ያንኑ ብር ቆጥሬ መለስኩለት። የእህትሽ ልጅ ከአንቺ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ገንዘብ ከሆነ አንድ ወር ያተርፍለትና በሁለተኛው ወር «የት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቅበታል። ዘመድ ደግሞ ያልቃል፤ አክስት፣ አጎት፣ የሰፈር እድር ከተዳረሰ በኋላ የማያውቀው ሰው ሱቅ መግባት አይቀርለትም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ያንን በአንቺ 900,000 ብቻ የሚያልፍ ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ሊያደርግ ነው?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊለት። ከተኛው 400,000 ውስጥ 100,000 ብር አዲሱ ባንክ የቁጠባ ሂሳብ ክፈችበት፤ መድኑም የሚሸፍነው እስከዚያው ነው። የባንካቸውን ፖስ ማሽን አምጥቶ ሱቅሽ ላይ ይትከል፤ በካርድ የሚከፍሉሽ ሰዎች ገንዘብ በዚያ ይግባ። ይህ ትንሽ ብትሆንም በየቀኑ የምትንቀሳቀስ ናት፣ ለሱም ከማዳበሪያ ብር ትሻለዋለች። ከዚያ አንድ ሰኞ ከሰዓት ሱቅሽ ይቀመጥ። ቀለም የሚገዙሽን አናጺዎችና ኮንትራክተሮች ከሦስት አራቱ ጋር አስተዋውቂው፤ «የእህቴ ልጅ ነው፣ አነጋግሩት» ብለሽ ዞር በዪ። ማሳመኑን ለሱ ተዪለት።

ሂሳቡን ግን እሱ አይክፈተው። ባልደረባው ትክፈተው፤ ለታርጌቱ በሱ ስም ይመዘገብለታል። እሱ ከከፈተው የቀሪ ሂሳብሽን መጠን በሳምንቱ ዘመድ በሙሉ ያውቀዋል። እናቱ ስትደውል «ከፍቼለታለሁ» በያት። ስንት አስገባሽለት ካለች ኔትወርኩ ይቆራረጥ።